ሰባተኛው እጥፍ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፤
ድምፄ የኋላ ወንበር ሳይደርስ ይመለሳል።
ሂርማታ፣ የማታ ክፍል። ጠመኔዬ ርሷል።
መጽሐፉ “አንዲት ከተማ” ብሎ ይጀምራል፤
ስም የሌላት፣ ጭቃ የሌላት፣
የሐሙስ ገበያ መንገድ የማይዘጋባት።

“ጅማ በሏት” አልኩ፣ “መቶ ሺህ ሰው፣ ለሒሳቡ እንዲቀል፤
በዓመት አራት በመቶ ታድጋለች እንበል።
ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ስንት ትሆናለች?”
ፊደሎቹን ደረደርኩ፦ መነሻው ፒ ዜሮ፣
ኢ፣ ከነጥቡ ወዲያ የማያልቅ ተቆጥሮ፣
በትከሻው ላይ ዓመቱን ከነፍጥነቱ ቋጥሮ።

ሙዘይን ባጃጁን አቁሞ የመጣ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ፣
“ቲቸር፣ እኛ ፌርማታ ይሄ ሒሳብ ድሮ ተሠርቷል” ብሎ ጀመረ፤
“ሥራ ስገባ ስድስት ነበርን፤ ተራ የሚባል ነገር አልነበረ።
አሁን ተራዬ እስኪደርስ ጢሜ ያድጋል።”
ክፍሉ ሳቀ።

“ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲባል ነው የሰማነው፤
ዕድሉን የት አስገቡት?” አለ ጣሃ ከመስኮቱ ሥር።
“ዕድል ምዕራፍ ዘጠኝ ነው” አልኩ፣ “ገና አልደረስነው።”

ያኔ እልፍነሽ እጇን አነሣች።
እልፍነሽ፤ ስሟ ራሱ ቁጥር፤ አባቷ ተመኝቶ አበዛት።
ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አልወለደችም።
በዚህ ቀመር ቋንቋ ዜሮ ጨምራለች ማለት ነው።
ሌሊት ሌሊት ግን የማዋለጃ ክፍል ጽዳት ናት፤
ደሙን፣ እንሽርቱን፣ አንሶላውን ታውቃለች፤
ከተማዋ የምትገባበትን በር
በየሌሊቱ ትወለውላለች።

“እኔ በአንሶላ ነው የምቆጥረው” አለች።
“በፊት ሌሊቱን ሦስት፣ ሲበዛ አራት አጥብ ነበር፤
አሁን ገመዱ ሞልቶ አጥሩ ላይ አሰጣለሁ፤
አጥሩም ሞላ።
እርስዎ እጥፍ ያሉትን እኔ በእጄ አውቀዋለሁ።”

ልትሰፋው የያዘችውን የተቀደደ አንሶላ ከፌስታሏ አወጣች።
አንዴ አጠፈችው፤ ሁለት።
ደገመች፤ አራት። ስምንት። አሥራ ስድስት።
ሙዘይን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ቁልፉን ረስቶታል።
ሠላሳ ሁለት። ስልሳ አራት።
ሰባተኛው ላይ ጨርቁ እምቢ አለ።
በጉልበቷ ተጫነችው፤ ተመልሶ ተነሣ።

“አዩ ቲቸር፣ ድርቡ በጨመረ ቁጥር ስፋቱ ያንሳል፤
አልጋ ያለብስ የነበረው አሁን ትራስ አያክል።”

የአባቴ ቦታ ትዝ አለችኝ፣ ጅሬን መውጫ ላይ፤
ለአምስት ወንድማማች ስትቆረስ፣
ደግሞ ለልጆቻቸው ስትቆረስ፣
የእኔ ድርሻ ዛሬ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ናት፤
ጥላዋ ግን ጎረቤት ነው የሚያርፈው።
አወይቱም ትዝ አለኝ፤ እሱ በእጥፍ አይፈስም።
መጽሐፉ ይህን ለሚቀጥለው ክፍል ትቶታል፤
ኩርባው ወደ ላይ ይወጣል፣ የገጹን ጠርዝ ያልፋል፤
ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።

አር ውስጥ ደግሞ መቀነስ አለ፤ አልነገርኳቸውም።
የተወለደ ሲቀነስ የሞተ፤ አንዲት አጭር ሰረዝ።
እናቴ ባለፈው ሰኔ በዚያች ሰረዝ ሄደች።

ካልኩሌተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤
መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ጨረስነው፤
ሁለት መቶ አምስት ሺህ አራት መቶ አርባ ሦስት
ነጥብ ሦስት።
“ነጥብ ሦስቱን ተዉት” አልኩ፣ “ሰው አይሸረፍም፤ አጠጋጉ።”
ሁሉም አጠጋጋ፤ ቁጥሩን ራቁቱን ጻፈ።

እልፍነሽ ብቻ ከቁጥሩ ጎን “ሰው” ብላ ጻፈች፤
ነጥብ ሦስቱንም አልጣለችም።
“እሱ” አለች፣ አንሶላዋን ዘርግታ እየጠቀለለች፣ ሰዓት እያየች፣
“ገና ምጥ ላይ ነው።
ልሂድ፣ ይጠብቀኛል።”

በሩ ሲከፈት ዝናቡ ገባ፤ እሷ ወጣች።
ሰሌዳውን ሳጠፋ
ነጥብ ሦስቱን አለፍኩት።